ምርጊትና ማኅተም፤ የጭቃ ምስክርነት ከኡራርቱ እስከ ጎጃም

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ተወልዶ ያደገ ተማሪ ሁሉ የጋን አፍ ሲመረግ ሳያይ አልቀረም። ጠላው ተጠንስሶ ካበቃ በኋላ እናት ወይም አያት ክዳኑን ይገጥማሉ፤ ጭቃ ያቦካሉ፤ ዙሪያውንም አጥብቀው ይመርጉታል። ጎተራውም እንደዚሁ ነው፤ እህሉ ከገባ በኋላ አፉ በጭቃና በእበት ይደፈናል። ይህ የሚደረገው ትንፋሽ እንዳይወጣ፣ ነቀዝም እንዳይገባ ነው። ነገር ግን ምርጊቱ ሌላም ሥራ አለው። የበዓሉ ዋዜማ አንድ ጐረምሳ ደፍሮ ጋኑን ቢከፍት የተሰነጠቀው ምርጊት በማግስቱ ይመሰክርበታል። መልሶ ቢመርገው እንኳ እርጥቡ ጭቃ ከደረቁ ይለያልና ማምለጫ የለውም። ከእኛም መካከል በዚህ ምስክር የተያዘ አይጠፋም።

ይህን ተራ ነገር ያነሣነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ከሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በፊት አንድ ትልቅ መንግሥት ግምጃ ቤቱን፣ ጎተራውንና የወይን ጋኑን የሚጠብቀው በዚሁ ዓይነት ምርጊት ነበር። ልዩነቱ በእርጥቡ ጭቃ ላይ የንጉሡ ወይም የሹሙ ማኅተም መታተሙ ነው። ዛሬ የዚያን መንግሥት አስተዳደር ከምናውቅባቸው መንገዶች አንዱ ያ ተሰብሮ የተጣለ ጭቃ ነው። ታሪኩን ባጭሩ ተናግረን፣ በመጨረሻ ወደ ራሳችን አገር እንመለሳለን፤ ምክንያቱም ነገሩ በቀጥታ የሚመለከተን ሆኖ አግኝተነዋል።

፩. ማተምና ማሸግ

በቋንቋችን ሁለት ቃላት አሉን፤ አንዱ ማተም፣ ሁለተኛው ማሸግ ነው። የሚያትም ሰው «ይህ ቃል የእኔ ነው» ይላል። የሚያሽግ ሰው ደግሞ «ከእኔ በኋላ ይህን የከፈተ የለም» ይላል። ፊተኛው ለቃል ማጽኛ ነው፤ ሁለተኛው ለአደራ መጠበቂያ ነው። ዛሬ በየጽሕፈት ቤቱ በወረቀት ላይ የሚመታው ክብ ማኅተም የመጀመሪያውን ሥራ ይሠራል። በተዘጋ ሱቅ በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ሁለተኛውን ይሠራል። የጥንቱ ባለማኅተም ምርጊት ግን ሁለቱን ሥራዎች አንድ ላይ አጣምሮ ይዟል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጋኑ ወይም የከረጢቱ አፍ በገመድ ይታሰራል። በር ከሆነ ደግሞ ገመዱ በግድግዳው ላይ ከተተከለ ችካል ጋር ይጠመጠማል። በቋጠሮው ላይ አንድ ጭብጥ እርጥብ ጭቃ ይደፈደፍበታል። ከዚያም ኀላፊው ከድንጋይ የተቀረጸ ማኅተሙን ይጫንበታል። ጭቃው ሲደርቅ ገመዱን ሳይቆርጡ ወይም ጭቃውን ሳይሰብሩ መክፈት አይቻልም። ሰባሪው ማኅተሙ በእጁ ከሌለ ደግሞ መልሶ ሊያትም አይችልም።

አስተዋዩ ተመራማሪ የጭቃውን ፊት ብቻ አይመለከትም፤ ጀርባውንም ይገለብጣል። በፊቱ ላይ የኀላፊው ምልክት አለ፤ በጀርባው ላይ ደግሞ ጭቃው ያረፈበት ነገር አሻራ ቀርቷል። የገመድ ፈትል፣ የከረጢት ሽመና፣ የእንጨት ችካል፣ የጋን ከንፈር በጀርባው ይታያል። እንግዲህ አንዲት የጭቃ ቁራጭ «ማን አሸገው?» ለሚለውም «ምን ታሸገ?» ለሚለውም መልስ ትሰጣለች። በቱርክ አገር አርስላንቴፔ በሚባል ቦታ የኢጣሊያ ተመራማሪዎች ከሁለት ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ቁርጥራጮች ተጥለው አግኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ አራተኛው ሺህ ዓመት መጨረሻ ይደርሳል። ሰዎቹ ገና መጻፍ አልጀመሩም ነበር። ሆኖም ማን ስንት ጊዜ የትኛውን መጋዘን እንደ ከፈተና እንደ ዘጋ ከቁርጥራጮቹ ለማወቅ ተሞክሯል። እኛ የዛሬ ሰዎች ቆሻሻ የምንለው ለእነሱ የሒሳብ መዝገብ ነበር ማለት ነው።

፪. ኡራርቱ

የኡራርቱ መንግሥት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቫን ሐይቅ ዙሪያ የተመሠረተ ደጋማ መንግሥት ነበር። ግዛቱ ዛሬ ቱርክ፣ አርሜንያና ኢራን በሚባሉት አገሮች ተከፋፍሏል። ስሙ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በኦሪት የኖኅ መርከብ ያረፈችበት የአራራት ምድር የሚባለው ይኸው ኡራርቱ ነው። ነገሥታቱ በከፍተኛ ዐለት ላይ አምባ እየሠሩ፣ ከየአውራጃው የሚገባውን እህል፣ ወይንና ከብት በዚያ ያከማቹ ነበር። አምባ ለኢትዮጵያዊ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

በ7ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የአርጊሽቲ ልጅ ሩሳ ብዙ አምባዎችን አስገነባ። ከእነዚህ ሦስቱን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው በየሬቫን አጠገብ የሚገኘው ካርሚር ብሉር ነው፤ ትርጓሜውም ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ቦሪስ ፒዮትሮቭስኪ የተባሉት የሶቪየት ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ ቆፍረውታል። በመሬት ውስጥ የተተከሉ አራት መቶ ያህል የወይን ጋኖች ተገኝተዋል። በብዙዎቹም ላይ የሚይዙት መጠን «አቃርቂ» እና «ቴሩሲ» በሚባሉ መስፈሪያዎች ተመዝግቧል፤ እኛ ቁናና ዳውላ እንደምንለው መሆኑ ነው። ከበሩም መቀርቀሪያ የተረፈ የነሐስ ቁራጭ ተገኝቶ፣ በላዩ የተጻፈው የንጉሡን የሩሳንና የከተማይቱን የቴይሼባይኒን ስም ተናገረ። የከተማይቱ ጥንታዊ ስም የታወቀው በዚህ ነበር። እንግዲህ አንድ የመጋዘን መዝጊያ የጠፋውን የከተማ ስም መለሰ።

ሁለተኛው በኢራን ሰሜናዊ ምዕራብ የሚገኘው ባስታም ነው። ቮልፍራም ክላይስ የተባሉት ጀርመናዊ እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆፍረውታል። በአንዳንድ ክፍሎች ውስጥ እጅግ ብዙ የእንስሳት አጥንት ተከምሮ፣ ከአጥንቱም ጋር ከአንድ ሺህ የሚበልጥ ባለማኅተም ምርጊት ተገኘ። አጥንቱ ለምን ከማኅተሙ ጋር እንደ ተቀመጠ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ከግብር ከብት ጋር የተያያዘ ሒሳብ ነው የሚሉ አሉ፤ የንጉሡን ማዕድ ከመመዝገብ ጋር የሚያይዙትም አሉ። የትኛውም ቢሆን ጥያቄው ሊነሣ የቻለው ጭቃውና አጥንቱ አንድ ላይ ስለ ተገኙ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ሦስተኛው በቫን ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር ያለው አያኒስ ነው። አልታን ቺሊንጊርኦግሉ የተባሉት የቱርክ ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ቁፋሮውን መርተዋል። በዚያ ከተገኙት ምርጊቶች በአንዳንዶቹ ላይ ከማኅተሙ ሌላ፣ ጭቃው ሳይደርቅ በሽብልቅ ጽሕፈት የተጫሩ አጫጭር ቃላት አሉ። ቃላቱ የሰውና የቦታ ስም ያነሣሉ። እንዲህ ያለው ጽሕፈት ዛሬ በጆንያ ላይ ከሚታሰር የላኪና የተቀባይ ወረቀት ጋር ይመሳሰላል። የንጉሣውያን ታላላቅ ጽሑፎች በዐለት ላይ ስለ ድልና ስለ አምላካቸው ስለ ሐልዲ ክብር ይናገራሉ። ይህቺ የጭቃ ቁራጭ ግን ስለ እህሉ፣ ስለ አመጣው ሰውና ስለ ተረከበው ሹም ትናገራለች።

የሩሳ የንግሥና ማኅተም ሥዕልም ለእኛ ዓይን ደስ የሚያሰኝ ነው። ንጉሡ ይራመዳል፤ አንድ አሽከር ከኋላው ሆኖ ጥላ ይይዝለታል፤ አንበሳም አብሮ ይታያል። ጥላና አንበሳን ከንጉሥ ጋር ማየት ለእኛ የለመድነው ነው። ነገር ግን መመሳሰል ዝምድና አይደለምና፣ ከዚህ ተነሥተን «ከእነሱ ወረስነው» ብለን አንቸኩል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ጭቃው የተረፈበት ምክንያት ነው። አምባዎቹ በእሳት ጠፉ። እሳቱ ጣራውንና እህሉን ሲያጠፋ፣ ጥሬውን ጭቃ ግን እንደ ሸክላ አድርጎ ተኮሰው። ጠላት አምባውን ሲያቃጥል ሳያውቅ መዝገቡን አጸናው።

፫. የዳንኤል አመድ

በተረፈ ዳንኤል የተጻፈውን የቤልን ታሪክ አብዛኞቻችን ከልጅነት ጀምሮ ሰምተነዋል። ንጉሡ ለጣዖቱ የቀረበው ምግብ በማን እንደሚበላ ለማወቅ ሲፈልግ በሩ ተዘግቶ በንጉሡ ቀለበት ይታተማል። በማግስቱ ማኅተሙ ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ ምግቡ ግን የለም። ንጉሡ ጣዖቱ በላው ብሎ ሊያምን ሲል፣ ዳንኤል አስቀድሞ የነሰነሰውን አመድ አሳየው። በወለሉ ላይ የካህናቱ፣ የሚስቶቻቸውና የልጆቻቸው የእግር ዱካ ነበር። በስውር በር ይገቡ ኖሯል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ትምህርቶች አሉ። አንደኛው፣ ማኅተም የሚጠብቀው የተደረገበትን በር ብቻ መሆኑ ነው። ሌላ በር ካለ ማኅተሙ ለሌባው ሽፋን ይሆንለታል። ይህን ለማወቅ ወደ ባቢሎን መሄድ አያስፈልግም፤ ማኅተሙ ያማረ፣ ገንዘቡ የጎደለ ሒሳብ በየዘመኑ ይታያል። ሁለተኛው ትምህርት ለእኛ ለተማሪዎች ነው። ዳንኤል እውነቱን ያገኘው ከወለሉ ላይ ነው። አርኪዎሎጂም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ዕቃው ብቻውን አይበቃም፤ ዕቃው ያረፈበት ወለል፣ ከጎኑ ያለው አጥንት፣ ከላዩ ያለው አመድ አብሮ መነበብ አለበት። የባስታምን ምርጊት አንድ ነጋዴ ከክፍሉ አውጥቶ ገበያ ቢሸጠው ኖሮ፣ የሚያምር ሥዕል ያለበት ጭቃ ከመሆን አያልፍም ነበር። አጥንቱንና ክፍሉን ካጣ ምስክርነቱ ግማሽ ይሆናል።

፬. በአገራችን

ሩሳ በቫን ሐይቅ ዳር አምባ ሲያሠራ፣ በእኛ በኩል የይሓ ታላቅ ቤተ መቅደስ በዚያው 7ኛ መቶ ዓመት አካባቢ እንደ ቆመ ይገመታል። ፍራንሲስ አንፍሬ የተባሉት ፈረንሳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960 በይሓ ከዐለት የተፈለፈሉ መቃብሮችን ሲቆፍሩ፣ ከብዙ ዕቃዎች መካከል ከነሐስ የተሠሩ ትንንሽ ምልክቶችን አግኝተዋል። አንዳንዶቹ የእንስሳ መልክ አላቸው፤ በአንዳንዶቹም ውስጥ በሳባ ፊደል የተቀረጹ ሆሄያት ይገኛሉ። ሊቃውንቱ የማንነት ምልክት ይሏቸዋል፤ አንድ ሰው ወይም አንድ ቤት «ይህ የእኔ ነው» የሚልባቸው ናቸው። በመቃብር ከባለቤቶቻቸው ጋር መገኘታቸው ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ምን ያህል ይጠብቃቸው እንደ ነበር ያስገምታል።

ከይሓ ብዙ በማይርቀው በቤተ ሰማዕቲ ደግሞ ማይክል ሐሮወር የሚመሩት ቡድን በአክሱም ዘመን የነበረች ከተማ አግኝቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትሟል። በ4ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ባሲሊካ፣ የበሬ ራስ የተቀረጸበት ቀይ ዕንቁ ያለው የወርቅ ቀለበት፣ እንዲሁም ለንግድ ሒሳብ ሳያገለግሉ እንዳልቀሩ የሚታሰቡ ማኅተሞች ከዚያ ተገኝተዋል። እንግዲህ ማኅተም በአገራችን የትናንት ነገር አይደለም።

፭. ጎጃም

ወደ ጎጃም ስንመጣ ግን ሌላ ዓይነት ማኅተም እናገኛለን። በመርጡለ ማርያም፣ በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ወርቅና በሌሎችም አድባራት የጉልት መሬት ሲሰጥ፣ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ ውሉ በብራና ወንጌል ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። የሰጪውና የተቀባዩ ስም ይነገራል፤ በቦታው የነበሩት አለቆችና እማኞች ይቈጠራሉ፤ በመጨረሻ ውሉን የሚያፈርሰው ይወገዝበታል። ጭቃ የለም፤ ቀለበትም የለም። የሚያሽገው ወንጌሉ ራሱ ነው። ያንን ገጽ የሚፍቅ ሰው የሚጣላው ከባለመሬቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከመጽሐፉ ጌታ ጋር ነውና።

በ19ኛው መቶ ዓመት በቀለም የሚታተመው ማኅተም በነገሥታቱና በመኳንንቱ ዘንድ ተስፋፋ። ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ዐፄ ዮሐንስና ዐፄ ምኒልክ አንበሳ ያለበት ማኅተም ነበራቸው። መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ያሰኙት፣ ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ የጎጃምና የካፋ ንጉሥ የነበሩት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ባለማኅተም ነበሩ። የቀለሙ ማኅተም ግን የሚናገረው የባለሥልጣኑን ስም ብቻ ነው። የወንጌሉ ኅዳግ ከጌታው ጋር የእማኙን፣ የጭቃ ሹሙን፣ አንዳንድ ጊዜም የሴቲቱን ወራሽ ስም ይዞ ይገኛል።

የእነዚህ ጽሑፎች ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ አንድ ምሳሌ እንስጥ። ዛሬ «ዜጋ» ስንል የአገር ባለመብት ማለታችን ነው። ሀብታሙ መንግሥቴ የተባሉት የታሪክ ሊቅ ስለ ምሥራቅ ጎጃም የመሬት ሥሪት እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ጽሑፎች ዜጋ የተባለው ሰው ርስት የሌለው፣ በጌታ መሬት ላይ ያለ ጥገኛ ነበር። ጥገኛውን የሚያመለክተው ቃል ኋላ ባለመብቱን ለማመልከት መጣ። ይህን ያህል ትልቅ የማኅበራዊ ኑሮ ለውጥ የተገለጠው ከታላላቅ ዜና መዋዕሎች ይልቅ በየደብሩ ከሚገኙት የመሬት ጽሑፎች ነው። የእኛ የባስታም ጭቃ እንግዲህ ይህ ነው።

ይህም ጭቃ እየተሰበረ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱት ብራናዎች ሦስት መቶ ሃምሳ ያህሉ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። አንዳንዶቹ በኅዳጋቸው የየአድባራቱን የመሬት ውል ይዘዋል። ውሉ ወዲያ፣ መሬቱ ወዲህ ሆነ። ከዚያም ወዲህ በሥዕላቸው ምክንያት የሚሸጡ፣ ገጽ በገጽ እየተቀደዱ ወደ ውጭ የሚሄዱ ብራናዎች ብዙ ናቸው። ገዢው ሥዕሉን ይፈልጋል፤ በጀርባው ያለው የአንድ ገበሬ ስም ግድ አይለውም። የጭቃውን ፊት አይቶ ጀርባውን እንደሚንቅ ሰው ማለት ነው።

የተደረገ መልካም ሥራ የለም አንልም። የዩኔስኮ ተንቀሳቃሽ የማይክሮፊልም ክፍል በአዲስ አበባና በጎጃም ያሉትን ብዙ መጻሕፍት አንሥቶ ዝርዝራቸው እ.ኤ.አ. በ1970 ታትሟል። ነገር ግን ፊልም ብራናውን አይተካም፤ የብራናው ቦታም በደብሩ ነው።

፮. ምን እናድርግ

አንዳንድ ጓደኞቻችን «አገር በስንት ችግር ተይዛ ሳለ ስለ ጭቃና ስለ ኅዳግ መጻፍ ምን ይጠቅማል?» ሊሉን ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ይህ ነው። ማኅተም ከጥንት ጀምሮ የተጠያቂነት ምልክት ነው፤ ይህን ዘጋሁ፣ ይህን ተረከብሁ፣ ቢጎድል ጠይቁኝ ማለት ነው። ሕዝብ ያለፈውን ምስክር ሲያጣ መሬቱ የማን እንደ ነበረ፣ ግብሩን ማን እንደ ከፈለ፣ ማን እንደ ተበደለ የሚነግረው በጉልበት የተናገረው ሰው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መዝገብ መጠበቅ የደካማውን ቃል መጠበቅ ነው።

ለክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ ሦስት ነገር ማድረግ እንችላለን።

አንደኛ፣ በእርሻ ወይም በመሠረት ቁፋሮ የወጣ ገንዘብ፣ ገል፣ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ስናይ አናንሣው፤ ያለበትን ቦታና ከጎኑ ያለውን ነገር እንጻፍ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ ያዛል።

ሁለተኛ፣ የደብራችንን አለቃና ካህናት ቀርበን በትሕትና እንጠይቅ። ወንጌሉን «አሳዩኝ» ከማለታችን በፊት እንዴት እንደ ጠበቁት ይንገሩን። መጽሐፉን ከጦርነትና ከዝናብ ያተረፉት እነሱ ናቸው፤ እኛ አይደለንም።

ሦስተኛ፣ የአያቶቻችንን ቃላት እንመዝግብ። ምርጊት፣ ችካል፣ መቀርቀሪያ፣ ጋን፣ ቁና የሚሉት ቃላት ባይኖሩን ኖሮ፣ ይህን ጽሑፍ በቋንቋችን ለመጻፍ በቸገረን ነበር።

ጋን በጠጠር ይደገፋል ይላሉ አባቶች። የኡራርቱ ታላላቅ ጋኖች ፈርሰው፣ ታሪካቸውን ዛሬ ደግፋ የያዘችው አንዲት ጭብጥ ጭቃ ናት። የእኛም ጋን እንዳይወድቅ ጠጠሩን ማን እንዳነሣው እንጠይቅ፤ ባለበትም ይቆይ ዘንድ እንጠብቀው።